እስር ቤት ማሳየት ልጅ አያርምም

ወንድሜ፣ «ያስቸገረ ልጅ እስር ቤት ወስደህ እስረኞቹ ቢጮሁበት ፈርቶ ይታረማል» ያልከውን ብዙ ሰው ያምነዋል፣ ግን ስህተት ነው። አሜሪካ ኒው ጀርሲ፣ ራህዌይ እስር ቤት፣ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ይኸው ተሞክሯል። የዕድሜ ልክ ፍርደኞች ታዳጊዎቹ አፍንጫ ስር ቆመው ይሰድቧቸዋል፣ ያስፈራሯቸዋል። ለቲቪ እንደሆነ ይመቻል።

ችግሩ በኋላ እንዲህ ባሉ የእስር ቤት ጉብኝቶች ላይ የተሠሩ 9 ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ነው የመጣው፤ ወደ 1,000 የሚጠጉ ልጆች ነበሩበት፣ ማን ይሂድ ማን ይቅር የሚለውም በዕጣ ዓይነት ነው የተለየው፣ ስለዚህ «የሄዱት ድሮም የባሱ ነበሩ» ማለት አይቻልም። የሄዱት ካልሄዱት ይልቅ ወንጀል ውስጥ የመግባት ዕድላቸው ጨመረ። ምንም ሳይደረግላቸው የቀሩት ተሻሉ ማለት እኮ ነው!

«ታዲያ ምን ይደረግ?» ላልከው፣ የተሻለ ውጤት ያሳየው አሰልቺ የሚመስለው ሥራ ነው። ሶሻል ወርከሩ ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ የትናንትናውን ጠብ ወደ ኋላ ያስተርከዋል። ማን ገፋህ? ምን አሰብክ? «ናቀኝ» ይላል ልጁ። ከዚያ ከ«ናቀኝ» እስከ ቡጢው ባለችው ሰከንድ ቆም ብሎ ማሰብን ያለማምደዋል፣ ደግሞ ደጋግሞ፣ ለሳምንታት። ለካሜራ አይመችም፣ አውቃለሁ።