ሰው የማይራመደው በስንፍና ብቻ አይደለም

«መራመድ የፈለገ የትም ይራመዳል፣ ሰፈሩ ምን አገባው? ስንፍና ነው» ላልከው ወዳጄ፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል፤ ግን ልክ አይደለም።

እስቲ አስበው። ሱቁ ከበርህ ላይ ሆነህ ይታይሃል፣ ቢበዛ 200 ሜትር ነው። መሃል ላይ ግን አጥር አለ፣ ማለፊያ የለም፣ ስለዚህ በዋናው መንገድ ዞረህ አንድ ኪሎ ሜትር ትሄዳለህ፤ እሱም የእግረኛው መንገድ ላይ የቆመ መኪና ወደ አስፋልቱ ካላወረደህ ነው። ማታ ደግሞ መብራት የለም። እዚህ ቦታ መኪናውን ያስነሳን ሰው ሰነፍ ልትለው ነው?

«መራመድ የሚወዱት ናቸው ለእግር የሚመች ሰፈር የሚመርጡት» የሚለው ክርክር ግን እውነት አለው፣ አልክድም። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ2003 በአውስትራሊያ ፐርዝ የተጀመረው ጥናት ደስ የሚለኝ፤ እነዚያኑ ሰዎች አዲስ ሰፈር ከመግባታቸው በፊትም ከገቡ በኋላም ተከታትሏቸዋል። በአቅራቢያቸው እንደ ሱቅ ያለ አንድ ዓይነት የጉዳይ መድረሻ በጨመረ ቁጥር ለጉዳይ በእግር የሚሄዱበት ጊዜ በሳምንት ከ5 እስከ 6 ደቂቃ ያህል ጨመረ። ትንሽ ትመስላለች አይደል? ግን የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ዝቅተኛው መጠን ራሱ በሳምንት 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፣ ሰፈር ውስጥ ያለው መድረሻም አንድ ዓይነት ብቻ አይሆንም።

ደግሞ «ፓርክ ከተሠራ በቃ» የምትሉም አላችሁ። ፓርክ ለሽርሽር የሚወጣውን ይረዳል እንጂ ዕቃ ሊገዛ የሚሄደውን ከመኪናው አያወርደውም። እሱ የሚፈልገው ቅርብ ሱቅና አጥሩን የሚያሳልፍ አቋራጭ ነው።