ባለ ሦስት እግሩ ወንበር ይመስገን

የጅማን በርጩማ የማያውቅ የለም። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ፣ ምስማር ሳይነካው በሦስት እግሩ ቀጥ ይላል። ባለፈው ማክሰኞ አንድ መሥሪያ ቤት ስገባ (ስሙን ተዉት) ይህ ጥበብ ቢሮ ደርሶ አየሁና ኮራሁ። የባለጉዳይ ወንበሩ ከአራት እግሩ አንዱን ጥሎ በሦስቱ ቆሟል። አራተኛው መስኮት ሥር ጋደም ብሎ ወረፋውን ይታዘባል።

ችኩል ሰው "ሁለት ብሎን እኮ ነው፣ መርካቶ ወርዶ መግዛት ነው" ይላል። አሠራር ያልገባው! ብሎን በሞዴል 20 ቅጽ ይጠየቃል፣ በሞዴል 22 ቅጽ ከንብረት ክፍል ይወጣል፤ እንደ ሽንኩርት አይገዛም። ጅሬን ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እንጨቱ ከ100 ዓመት በላይ የቆመው ሞዴል ሳይሞላ ነው፣ ግን ያ ድሮ ነው። ደግሞ ቢሮው መላ አላጣም፤ በጎደለው እግር ቦታ አሮጌ ፋይሎች ተደርድረዋል። "ፋይልህ ጠፍቷል" የተባላችሁ፣ እስቲ ጎንበስ ብላችሁ እዩ።

ትሕትናውስ! አንድ አዛውንት ሊቀመጡ ሲሉ ወንበሩ ከዳቸውና ወደቁ። ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ልጅ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል "አባባ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ፣ የመንግሥት ንብረት ነው" አለቻቸው። አንቱታዋን ልብ በሉልኝ። ያነሷቸው ወረፋ ላይ የነበሩት ናቸው፤ ማንሳት በማንም የሥራ መዘርዝር ውስጥ የለማ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የዜጎች ቻርተርም ለየአገልግሎቱ ደቂቃ መድቧል። ለፈገግታ አልመደበም፣ ስለዚህ ማንም አላባከነውም።

ይህን ሥርዓት ሊያፈርስ የተነሳው አንድ የባጃጅ ሾፌር ነው። ወጣ ብሎ ካቻቢቴና ሁለት ብሎን ይዞ መጣ፣ ፋይሎቹን ገለል አደረገ፣ ተንበርክኮ እግሩን ገጠመ። አንድ ስኒ ቡና የሚጠጣበትን ጊዜ እንኳ አልፈጀበትም። አዛውንቱ ተቀመጡበት፣ መረቁት።

ይሄኔ፣ ጠዋት ሙሉ "ስብሰባ ላይ ናቸው" የተባሉት ኃላፊ ከጎን ካለው ክፍል ብቅ አሉ።

"ማን ፈቀደልህ? ቁጥር ያለው ንብረት እኮ ነው!"

"ጌታዬ፣ ተሰብሮ ነው..."

"ማመልከቻ ጽፈህ ሰኞ ና።"

ልጁ ጨዋ ነው፤ ይቅርታ ጠየቀ። አዛውንቱን አስነሳ፣ ብሎኖቹን ፈቶ ኪሱ ከተተ፣ እግሩን መስኮቱ ሥር አጋደመ። ፋይሎቹም ወደ ሥራቸው ተመለሱ።