«ባልሽ አይደለም እንዴ?» ለምንል ሁሉ

ወገኖቼ፣ ልጆቻችንን ከጨለማ መንገድና ከማያውቁት ሰው ስናስጠነቅቅ ኖረናል። አላጠፋንም። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ወሲባዊ ጥቃት የሚመጣው የቤቱን ቁልፍ ከያዘ ሰው ነው። አንዲት ሴት ባሏ እንዳስገደዳት ብትነግረን አፋችን ላይ የሚቀድመው «ባልሽ አይደለም እንዴ?» የሚለው ነው። ጋብቻ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የማይመለስ ፈቃድ ነው ብሎ የሚያምን ወንድ ይህን እምነት ከየት አመጣው? ከእኛው ነው። በእንግሊዝ እንኳ ከፍተኛው የይግባኝ ችሎት ባል ሚስቱን በመድፈር ሊቀጣ እንደሚችል ያጸናው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 ነው።

«የወንድ ተፈጥሮ ነው» የምትሉም አላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ10 አገሮች ከ24 ሺህ በላይ ሴቶችን አነጋግሮ በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ባወጣው ጥናት፣ በአጋራቸው ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች ቁጥር ከቦታ ቦታ ከ6 እስከ 59 በመቶ ይለያያል። ተፈጥሮ እዚህ 6፣ እዚያ 59 ትላለች? ይህን ያህል ልዩነት የሚፈጥረው ልማድ ነው።

መጠጥ አደጋውን እንደሚያባብሰው አልክድም። ያው ሰው ግን ሰክሮም አለቃውን አይነካም፤ ማንን መድፈር እንደሚችል ስካሩ አላስረሳውም። እናቱ ስትደበደብ እያየ ያደገ፣ ወይም ራሱ በልጅነቱ የተጠቃ ሰው ወደዚህ ጥፋት የመግባት ዕድሉ ይጨምራል፤ ሆኖም እንዲህ አድገው እጃቸውን ያላነሱ ብዙዎች ናቸውና ይህንንም ማመካኛ አታድርጉት።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ምልክቱን በፍቅር ስም ማቆላመጣችን ነው። ስልኳን ይፈትሻል፤ «ይቀናል» እንላለን። ከእህቶቿና ከጓደኞቿ ይነጥላታል፤ «አጥብቆ ይወዳታል» እንላለን። ደመወዟን ይይዛል፤ «ቤቱን ይመራል»። እንቢ ባለችው ሌሊት «ሌላ አለሽ ማለት ነው» ብሎ እስክትሸነፍ ድረስ ይነተርካታል፤ ይህን ደግሞ ጭራሽ አንሰማም፤ ገበና ነዋ! ቁጥጥርና ማስገደድ አንድ ቤት የሚያድሩ ናቸው። ተጠቂው ወንድ የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ እርሱ ከጥቃቱ ይልቅ የእኛን ሳቅ ፈርቶ ዝም ይላል።

አስታራቂዎች ሆይ፣ «ለልጆችሽ ስትዪ ቻዪው» ከማለታችሁ በፊት አንገቷን አንቆ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁ። ካነቃት፣ እገድልሻለሁ ብሎ ከዛተ፣ በግድ ከተገናኛት፣ ለሕይወቷ የሚያሰጋ ነገር አለ፤ ጉዳዩ የሽምግልና አይደለም። ልትለየው የወሰነችበት ሰሞን ደግሞ ከሁሉ የከፋው ሊሆን ይችላል። ልብሷን ልታመጣ ብቻዋን አትላኳት።