የገብስማው አንገት

ለፋሲካ የገዛሁት ገብስማ አውራ ዶሮ ቅዳሜ ሹር ጠዋት አንገቱ ተመልጦ ተገኘ። ሌላው አካሉ ደህና ነው። ጅራቱ እንደ ጎራዴ ቆሟል፣ ኩራቱም አልቀነሰም፣ እግሩ ላይ ያሰርኩት ሲባጎ እንኳ አልላላም። አንገቱ ግን ዙሪያውን ተነጭቶ ቀይ ቆዳው ወጥቷል። መብራት ሲጠፋ ፀጉር ቤት ውስጥ ግማሽ ላይ የደረሰ ሰው ይመስላል።

ሰኞ ዕለት ከሰኞ ገበያ ነው የገዛሁት፣ 1,800 ብር። ሻጩ ላባውን እያበጠረ "ይህን አንገት እየው፣ የንጉሥ ካባ ነው" ብሎኝ ነበር። እንግዲህ ንጉሡ ካባውን ተገፏል።

ባለቤቴ ድመት ናት አለች። ድመት ላባ እየመረጠች አትነጭም አልኳት። ሌባም ቢሆን ሸሚዙን ትቶ ቁልፎቹን ብቻ ፈትቶ አይሄድም። እንዲህ እየተባባልን ሳለ ጎረቤታችን፣ የዕድራችን ጸሐፊ፣ ከአጥሩ ማዶ ብቅ አሉና "አብሽር የኔ ወንድም፣ ማታ ትንሽ ወስጄ ነው። ልነግርህ ስመጣ ተኝታችኋል" አሉኝ።

ማታ ማለት የስቅለት ማታ ነው! አገር ሲሰግድ ውሎ ወገቡን ይዞ በተኛበት ማታ ጋሼ ጸሐፊ ባትሪ ጥርሳቸው ላይ ነክሰው የሰው ዶሮ ይነጫሉ።

"ደግሞስ ዛሬ ልትነጨው አይደለም?" አሉ። ሞት የተፈረደበት ሁሉ ከዋዜማው ሸሚዙ ይገፈፋል እንዴ?

ነገሩ ፍላይ ፊሺንግ የሚባል አባዜ ነው። ውጭ አገር የሚኖር የእህታቸው ልጅ አምና መጥቶ ሲመለስ፣ የሌላ ሰው የእህት ልጅ ጫማና ሞባይል ትቶ ይሄዳል፣ የእሳቸው የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ትቶ ሄደ። በትል አይደለም የሚጠመደው፣ በዝንብ ነው። ዝንቡም ዝንብ አይደለም፤ መንጠቆ ላይ በክር የተጠመጠመ ላባ ነው። ጋሼ ጠረጴዛቸው ጫፍ ላይ ጋራዥ ውስጥ የምናውቀው ሞርሳ ልጅ የሚመስል ትንሽ ሞርሳ ገጥመዋል። የስንዴ ፍሬ የምታህል መንጠቆ እሱ ላይ ያስነክሳሉ፣ ክሩን ሰም ያስነኩታል፣ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፣ ከዚያ የኔን ዶሮ ላባ በጫፉ ይዘው ዙሪያውን ይጠመጥሙታል። የላባው ጭራ ጭራ ልክ እንደተዘረጋ ጃንጥላ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዝንቧን ውሃ ላይ የሚያንሳፍፋት እሱ ነው። የሴት ዶሮ አይሆንም፣ ለስላሳ ነው፣ ውሃ ይጠጣና ይሰምጣል። የአውራ ዶሮ ሆኖ ደግሞ የአንገቱ መሆን አለበት።

አዳምስ የምትባል ዝንብ አለች፤ እ.ኤ.አ. በ1922 አሜሪካ፣ ሚቺጋን ውስጥ የተፈለሰፈች። የምትሠራው የቀይና የገብስማ አውራ ዶሮ ላባ አብሮ ተጠምጥሞ ነው። "ቀዩ ነበረኝ፣ የጎደለኝ ገብስማ ነው" አሉኝ በፍጹም ቅንነት። ቀይና ገብስማ! እኛ አገር ይህን ትእዛዝ የሚሰጠው ሌላ ባለሙያ ነው፤ የእሱ ቤት ደግሞ የሚኬደው ሲመሽ፣ ነጠላ ተከናንቦ ነው።

ነጠላ ካልኩ የጎረቤታችንን የእትዬን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ፍላይ ፊሺንግ ላይ ዝንቧ ክብደት የላትም፣ የሚወረወረው ገመዱ ነው። 27 ሜትር ያህል ወፍራም ገመድ አለ፤ እሱን በዘንጉ ወደ ኋላ ትልካለህ፣ አየር ላይ ተዘርግቶ እስኪያልቅ ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ወደ ፊት ትመልሰዋለህ። ይህን ለመለማመድ ውሃ አያስፈልግም፣ ከኋላህ ባዶ ቦታ እንጂ። ደሴ ላይ ከኋላ ባዶ ቦታ ያለው ሰው ማን ነው? ከፊትህ ገደል፣ ከኋላህ የሰው ግድግዳ፣ ከላይህ ጦሳ ተራራ። ጋሼ ግን ጥምቀት ሰሞን አንድ ቀን ጠዋት መንገዱ መሐል ቆመው ገመዱን ወደ ኋላ ላኩት፣ ዝንቧም የእትዬ ልብስ ማስጫ ላይ ካለው ነጠላ ጥለት ውስጥ ገብታ ቀረች። የገመዱ ጫፍ ተበጠሰ። እሳቸው ቀስ ብለው ዘንጋቸውን ጠቅልለው ቤታቸው ገቡ።

እትዬ ከሰዓት ልብስ ልትሰበስብ ወጣች። ላባ አየች። በጥቁር ክር ተተብትቧል። መሐሉ ላይ መንጠቆ አለ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ጩኸቷ ፒያሳ ሳይሰማ አይቀርም። ቄሱ ጸበል ይዘው መጡ፣ ሼኹም ከታች ሰፈር ዱዓ ሊያደርጉ መጡ፣ ወሎ አይደል። "ማን ቢጠላኝ ነው?" እያለች ስም ስትጠራ የአራት ሰው ስም ተነሳ፤ አንዷ ምራቴ ናት። ጋሼ ጸሐፊ ከሰው መሐል እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል፣ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። መተቱ ከነነጠላው ተቃጠለ። ለእኔ በኋላ ሲነግሩኝ የቆጫቸው ነጠላው እንዳይመስላችሁ፤ "መንጠቆዋ 18 ቁጥር ነበረች፣ እዚህ አትገኝም" ነው ያሉኝ። እትዬና ምራቴ እስከ ዛሬ አይነጋገሩም።

ላባ የሰው አእምሮ ላይ አንድ ነገር ያደርጋል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 እንግሊዝ አገር ትሪንግ የምትባል ከተማ ካለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አንድ ዋሽንት የሚማር ወጣት ሌሊት መስኮት ሰብሮ ገብቶ 299 የወፍ ቆዳ በሻንጣ ይዞ ወጣ። አልፍሬድ ረስል ዋላስ የሚባለው ሳይንቲስት በ19ኛው መቶ ዘመን ከሩቅ ምሥራቅ ደሴቶች ለቅሞ ያመጣቸው ሳይቀሩ። የተፈለጉት ሳልሞን ለሚባል ዓሣ ዝንብ መሥሪያ ነው! የሚገርመው እንዲህ ያለውን ዝንብ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ዓሣ አጥምደው አያውቁም፤ ሠርተው መስታወት ውስጥ ያስቀምጡታል። ልጁ እስር ቤት እንኳ አልገባም፣ ቅጣቱ ገደብ ተደረገለት። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ የአሜሪካ ሴቶች የአውራ ዶሮ ላባ ፀጉራቸው ላይ መሰካት ፋሽን አደረጉትና ዝንብ ሠሪዎቹ ላባ አጡ፣ ዋጋው ጣሪያ ነካ። ጋሼ ይህን ሲተርኩልኝ ድምፃቸው ተሰበረ። የዶሮ ዋጋ እኛ ላይ ጣሪያ ሲነካ ድምፁ የተሰበረለት ሰው አላየሁም።

ጥበቡ ጥንታዊ ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ኤሊያን የሚባል ሮማዊ ጸሐፊ ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት የመቄዶንያ ሰዎች ቀይ ሱፍና የአውራ ዶሮ ላባ መንጠቆ ላይ አስረው ዓሣ እንደሚያታልሉ ጽፏል። ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው ተረት ነው፤ "ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት።" መጫኛ እኮ የበቅሎ ጭነት ማሰሪያ ጠፍር ነው። ለአንዲት ዶሮ! ጣቷን ብትይዛት የምትወድቅ ፍጥረት ላይ ያን ሁሉ ጠፍር መተብተብ ምን ይሉታል? እኔ ተረቱን የምወደው ለዶሮዋ አዝኜ ሳይሆን መጫኛውን ተሸክሞ የመጣው ሰውዬ እያሳቀኝ ነው። አሁን ያ ሰውዬ ማን እንደሆነ አውቄአለሁ። ባለ 27 ሜትር ገመድ ነው።

ጥቅምት ላይ ለምነውኝ ሐይቅ አብሬአቸው ሄጄ ነበር፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስተማሩበትን ገዳም አሻግረን እያየን ቆምን። ለባለቤቴ ዘይት አዘጋጂ ብያታለሁ። እዚያ በብዛት ያለው ዓሣ ቆሮሶና አምባዛ ነው። ቆሮሶ ካደገ በኋላ ዋና ምግቡ አልጌ ነው፤ እኛ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም እያልን ስንጣላ ዓሣው ራሱ ጾመኛ ሆኖ አረፈው። ዝንብ ምን ያደርግለታል? አምባዛ ደግሞ ሌሊት ጭቃ ለጭቃ በሪዙ እየዳበሰ ነው የሚያድነው፤ የገብስማን ውበት በጠራራ ፀሐይ የሚያደንቅበት ጊዜ የለውም። ለዚህ ጥበብ የተፈጠረው ትራውት የሚባለው ዓሣ እኛ አገር ያለው ባሌ ነው፣ ወይብ ወንዝ አካባቢ፣ እሱም ከኬንያ የመጣ እንግዳ። ጋሼ ይህን ሁሉ አሳምረው ያውቃሉ። እያወቁ አምስት ሰዓት ውሃውን ገረፉት። መረብ የሚጥሉት የሐይቅ ልጆች ሥራቸውን ትተው ከበቡን። አንዱ ጠጋ ብሎ "አባባ፣ ምን አድርጓችሁ ነው?" አላቸው፣ ሐይቁን ማለቱ ነው።

በመጨረሻ መዳፍ የምታህል አንዲት ቆሮሶ፣ በምን ኃጢአቷ እንደሆነ እንጃ፣ ተያዘች። እኔ ፌስታሌን ዘረጋሁ። ጋሼ ተንበረከኩ። መጀመሪያ እጃቸውን ውሃ ውስጥ ነከሩ፤ ደረቅ እጅ ቆዳዋ ላይ ያለውን ልጋግ ይገፍባታል አሉ። የመንጠቆዋን ጥርስ አስቀድመው በፒንሳ ደፍጥጠውት ነበር፣ እንዳያማት። ነቀሉላት፣ ውሃው ውስጥ ደግፈው ያዟት፣ "ይቅርታ እመቤት" አሏት፣ ለቀቋት። ልጆቹ ዝም አሉ። ከዚያ ትንሹ "በሽታ ነበረባት?" ብሎ ጠየቀኝ።

እኔ ግን ጆሮዬ የቀረው "ይቅርታ" የምትለዋ ላይ ነው። እኚህ ሰው ይህን ቃል ያውቁታል ለካ! ከሦስት ዓመት በፊት ከኮምቦልቻ ስመጣ ሐረጎ ዳገት ላይ የጭነት መኪና መንገድ ዘግቶ ሁለት ሰዓት ቆሜ፣ ከመናኸሪያ በቀጥታ ወደ ለቅሶው ሮጬ ስደርስ የስም ጥሪው አልቋል። 50 ብር ቀጡኝ። መኪናው ተገልብጦ፣ ሽንኩርቱ አስፋልት ላይ ፈስሶ፣ ደሴ ግማሹ እዚያ ቆሞ ነበር፤ ምስክር ሞልቷል። "ደንብ ነው" አሉኝ መዝገባቸውን ሳይዘጉ። እኔስ ይሁን። ልጇን አዝላ ሐኪም ቤት ያደረች ሴት ድንኳን ተከላ ቀረሽ ብለው የቀጧት ለምንድን ነው? ሴትዮዋ ብሩን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ስትቆጥር ሁላችንም እያየን ነበር፣ ማናችንም አልተናገርንም፣ እኔን ጨምሮ። ለዓሣ ቆዳ እጅ የሚያረጥብ ሰው ያን ቀን እጁን ምን ነካው? ይህ ከላባው ይልቅ ያናድደኛል።

መጋቢት ላይ እሳቸው ራሳቸው ከወሩ ስብሰባ ቀሩ። ሐይቅ ነበሩ። እኔ ሆዬ ቀኔ ደረሰ ብዬ በሚቀጥለው ስብሰባ እጄን አወጣሁና "ጸሐፊስ ሲቀር አይቀጣም ወይ?" አልኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ፣ መዝገቡን ገለጡ፣ ቀስ ብለው አነበቡ፤ የሁለት ወር መዋጮ ያልከፈልኩ እኔ ሆኜ ተገኘሁ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ከነቅጣቱ ከፈልኩ። የእሳቸው መቅረት በቃለ ጉባኤው "በማኅበራዊ ጉዳይ" ተብሎ ተጻፈ፤ ጸሐፊው እኮ እሳቸው ናቸው።

ዶሮው፣ አዎ። በዶሮው ነበር የጀመርኩት። ተበላ። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገደፍንበት፣ አንገቱ መላጣ መሆኑ ወጡን ምንም አላለውም። ሲነጋ ጋሼ "እንኳን አደረሳችሁ" እያሉ ገቡ፣ ከነባለቤታቸው፣ ድፎ ዳቦ ይዘው። ባለቤቴ ሞሰቡን አቀረበች። ለእንዲህ ያለ እንግዳ ፈረሰኛ እንደሚገባ አጥቼው አይደለም። ጭልፋውን ከእጇ ተቀብዬ ድስቱን ትንሽ አማሰልኩና፣ ፈልጌ ፈልጌ፣ አንገቱን አወጣሁላቸው።

ጋሼ አንገቱን አዩት። ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

"አብሽር ጋሼ፣ ይብሉ" አልኳቸው።