ዘፋኝ የነጋዴ ግሩፕ ቢገባ ሥራ ያገኛል?

ሰሞኑን ጅማ ውስጥ ከሙዚቀኛ፣ ከዲጄ፣ ከመድረክ መሪ ጋር ቁጭ ባልክ ቁጥር የምትሰማው ምክር አንድ ነው፣ «የነጋዴዎች ኔትዎርኪንግ ግሩፕ ግባ፣ ብሩ ያለው እዛ ነው»። ሆቴል ውስጥ ቁርስ ላይ ተሰብስቦ ተራ በተራ እየተነሱ ራስን ማስተዋወቅ፣ ቢዝነስ ካርድ መቀያየር፣ ከዛ ቴሌግራም ግሩፕ ገብቶ እርስ በርስ ደንበኛ መላላክ፣ ነገሩ ባጭሩ ይሄ ነው፣ መዋጮም አለው። እኔ ግሩፕ አይጠቅምም አልልም፣ ይጠቅማል፣ ግን የኛ ልጆች ብር ከፍለው የሚገቡበት ግሩፕና ሥራ የሚመጣበት ግሩፕ አብዛኛውን ጊዜ አንድ አይደሉም።

አሠራሩ እኛ ጋ የተፈጠረ አይደለም። ቢኤንአይ የሚባለው የነጋዴዎች ኔትዎርኪንግ ድርጅት በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኢቫን ማይስነር በሚባል ሰው ነው የተጀመረው፣ አባላቱ በየሳምንቱ ይገናኛሉ፣ ብዙውን ጊዜ በጠዋት፣ ትልቁ ህጋቸው ደሞ በአንድ ግሩፕ ውስጥ ከአንድ ሙያ አንድ ሰው ብቻ መግባቱ ነው። አንድ ጠበቃ፣ አንድ ሒሳብ ሠራተኛ፣ አንድ ማተሚያ ቤት። አሁን ይሄ ህግ ለዲጄ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፣ እዛ ክፍል ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ልጁን ሲድር ወይ ሱቁን ሲያስመርቅ ዲጄ ብሎ የሚያውቀው አንተን ብቻ ነው ማለት ነው። እኛ አገር ሲቀዳ ግን ቁርሱና ካርዱ ተቀድቶ ህጉ ተረሳ። ገብተህ ስታይ አራት ዲጄ፣ ሁለት ባንድና ሦስት መድረክ መሪ ተደርድሮ እርስ በርሱ ካርድ ይለዋወጣል፣ እዛ ላይ ታዲያ ማን ማንን ነው የሚቀጥረው?

ህጉ ቢከበር እንኳን ሌላ ችግር አለ፣ ይሄን ደሞ ብዙ ሰው አያሰላውም። ሒሳብ ሠራተኛ በየዓመቱ ግብር ሲደርስ ይፈለጋል፣ ማተሚያ ቤት በየወሩ ይፈለጋል፣ ጋራዥማ በየሳምንቱ። ዘፋኝ መቼ ነው የሚፈለገው? አንድ የጅማ መርካቶ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ልጁን የሚድረው በስንት ዓመት አንዴ ነው፣ ያውም ያኔ የአጎቱ ልጅ ኪቦርድ የሚጫወት ካልሆነ። ስለዚህ ግሩፑ ውስጥ ስንት ሰው አለ ብለህ አትጠይቅ፣ እነዚህ ሰዎች ባንድ ላይ በዓመት ስንት ዝግጅት ያዘጋጃሉ ብለህ ጠይቅ። ሰላሳ አርባ ሰው ሞልቶ ዝግጅቱ ከሁለት ከሦስት የማይበልጥ ግሩፕ አለ፣ እዛ ውስጥ በየሳምንቱ ጠዋት መነሳት፣ ሌሊት ሲሠራ ላደረ ሰው በተለይ፣ እንቅልፍ ማጣት ብቻ ነው ትርፉ።

ዋናው ጥያቄ ለኔ የዝግጅቱን ቀን ማን ቀድሞ ያውቃል የሚለው ነው። የሰርግን አካሄድ ተመልከቱ። ሽማግሌ ተልኮ ነገሩ አልቆ ቀን ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚያዘው አዳራሽ ነው፣ ግቢ ውስጥ ከሆነ ደሞ ድንኳንና ወንበር። ቀጥሎ ቪዲዮና ፎቶ፣ ቬሎ፣ ዲኮር፣ ምግብ የምታዘጋጀዋ ሴት። ሙዚቃ መጨረሻ ላይ ነው የሚታወሰው፣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሚዜዎቹ ተሰብስበው «ኧረ ሙዚቃውስ?» ይባባላሉ፣ በጀቱም ያኔ አልቆ በቀረችው ነው ድርድሩ። እና ሙዚቀኛ በሰልፉ መጨረሻ ላይ ያለ ሰው ነው፣ ሥራ የሚያገኘው ደሞ ከሱ በፊት የተሰለፉት ስሙን ሲጠሩለት ነው። የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ፣ ድንኳን አከራዩ፣ ካሜራማኑ፣ ዲኮር የምትሠራዋ ልጅ፣ ቬሎ የምታከራየዋ፣ እነዚህ በየሳምንቱ መጨረሻ ሰርግ ላይ ናቸው፣ ልጁን አንዴ የሚድር ነጋዴ አይደሉም። የውበት ሳሎኖችንም አትናቁ፣ ጸጉር ቤት ያለችው እህታችን አንዳንዴ ቀኑን ከሙሽራው ዘመዶች ቀድማ ነው የምትሰማው።

እዚህ ላይ ኮሚሽን የሚባል ነገር እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፣ አናወራውም እንጂ። አዳራሹ «ዲጄ አለኝ» ብሎ ሲያገናኝ ድርሻውን ይቆርጣል። እኔ በራሱ አልቃወመውም፣ ሰው አገናኝቶ መብላት ያለ ነው፣ የምቃወመው ሳይነገርህ ሲቆረጥና ሙሽራው ምን ያህል እንደከፈለ አንተ ሳታውቅ ስትቀር ነው። ከመጀመሪያው ዋጋው ይሄ ነው፣ ያንተ ድርሻ ይሄ ነው ተባብሎ፣ ቀብድ ከሙሽራው ቀጥታ በቴሌብር መቀበል። ይሄን አልቀበልም ካለ አገናኙን ጥሎ መሄድ ነው፣ ይዘገያል እንጂ ሌላ ይገኛል።

በነገራችን ላይ ጅማ በሰው በሰው መሥራትን ከሆቴል ቁርስ አልተማረችም። በጅማው ንጉሥ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከየአገሩ የመጣ ነጋዴ የሚገናኝበት ነበር፣ አፍቃላ የሚባሉት ነጋዴዎች ከሩቅ ሩቅ አገር ሲነግዱ የሚያምኗቸውን ሰዎች ይዘው ነበር። ዛሬም ጅማ ውስጥ ሰው የሚቀጥረው ያየውን ወይ ያየ ሰው የነገረውን ነው። አንድ ሙዚቀኛ ቢያበላሽ ሰርጉን ደግመህ አትሠራውም፣ ሙሽራው ዕድሜ ልኩን ያስታውሰዋል፣ ለዚህ ነው ከካርድ ይልቅ «የእንትና ሰርግ ላይ የነበረው ልጅ» የሚለው ቃል የሚበልጠው።

ግሩፕ የሚወዱት ሰዎች ክርክር ባዶ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ የማኅበረሰብ አጥኚ በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የታወቀ ጥናት አለ፣ ቦስተን አካባቢ በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ሰዎችን ሲጠይቅ ሥራውን የነገራቸውን ሰው ቶሎ ቶሎ ያገኙት የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ ናቸው፣ 55.6 በመቶዎቹ አልፎ አልፎ ነበር የሚያገኙት፣ 27.8 በመቶዎቹ ደሞ ከስንት አንዴ። የቅርብ ጓደኛህ የሚያውቀው አንተ የምታውቀውን ነው፣ አዲስ ወሬ ያለው ራቅ ያለው ሰው ጋ ነው። ይሄ ልክ ነው፣ እኔም ከሙዚቀኛ ጋር ብቻ የሚውል ሙዚቀኛ ሥራ አያገኝም እላለሁ፣ እዚህ ጅማ አጂፕ ሰፈር አንድ ካፌ ከአንድ ዓይነት ሰው ጋር እየዋሉ ሥራ ጠፋ ማለት ለማንም አልሠራም። ግን ያ ጥናት ስለ ቋሚ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው፣ የኛ ሥራ ላንድ ምሽት ነው። ራቅ ያለው ሰው ያስፈልገናል፣ ሆኖም ዝግጅት ላይ የሚውል ራቅ ያለ ሰው መሆን አለበት።

አሁን ወደሚያናድደው ነገር ልምጣ። አርቲስት ግሩፕ ሲገባ መጀመሪያ የሚባለው «እስቲ አንድ ሁለት ዘፈን» ነው። የግሩፑ ዓመት በዓል፣ የአባል ሱቅ ምረቃ፣ የአዲስ ዓመት ምሳ፣ ሁሉም ላይ ኪቦርድህን ተሸክመህ ትመጣለህ፣ ክፍያ ስትጠይቅ «ይሄ እኮ ለኔትዎርኪንግ ነው፣ ራስህን ታስተዋውቅበታለህ» ትባላለህ። ኤሌክትሪሻኑን ግን የአዳራሹን መብራት በነጻ ዘርጋልን አይሉትም፣ ምግብ ያቀረበችዋም ሒሳቧን ተቀብላ ነው የምትሄደው። በነጻ የሠራኸውን ያየ ሰው ደሞ ሲደውልልህ በዛው ሒሳብ ነው የሚደውለው፣ «ያኔ ዝም ብለህ ሠርተህ የለ» ይልሃል። አንድ ጊዜ መሥራት ይቻላል ባይ ነኝ፣ ያውም ትራንስፖርትና ሳውንድ ሲስተሙን እነሱ ከቻሉ፣ ሙሉ ባንድ ሳይዙ፣ ስምና ስልክ ከመድረክ ተነግሮ። ለሁለተኛው ዋጋ ይነገራቸው። ከተቆጡ ደንበኛ ሊሆኑ አልመጡም ነበር ማለት ነው።

ታዲያ የነጋዴ ስብሰባ በፍጹም አይጠቅምም ወይ? ይጠቅማል፣ ለአንድ ዓይነት ሥራ፣ ለድርጅት ሥራ። ባንክ ቅርንጫፍ ሲከፍት፣ ቡና ላኪ ድርጅት የዓመት በዓል ሲያዘጋጅ፣ ኤንጂኦ አውደ ጥናት መዝጊያ ሲኖረው፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ምረቃ ሲደርስ፣ እነዚህ በሚዜ ምክር አይቀጥሩም፣ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ይሰበስባሉ፣ ደረሰኝ ይፈልጋሉ። እንደ ንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት ዓይነት ቦታ ላይ እንዲህ ያሉ ሰዎችን ታገኛለህ። ችግሩ የኛ ልጆች ብዙዎቹ ንግድ ፈቃድ የላቸውም፣ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) የላቸውም፣ ደረሰኝ ሲባሉ የሰው ደረሰኝ ነው የሚለምኑት። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ላይ ቲን ለማያቀርብ አቅራቢ 30 በመቶ ተቀናሽ ይደረግ ነው የተባለው፣ ከክፍያህ ሲሶ ማለት ይቻላል። ድርጅቱም ከዚህ ጣጣ ውስጥ ከመግባት ደረሰኝ ያለውን ከአዲስ አበባ ያስመጣል፣ 350 ኪሎሜትር ተጉዞ ለመጣው ባንድ አበልና መኝታ ከፍሎ። ስለዚህ ለግሩፕ መዋጮ የምትከፍለው ብር ካለህ መጀመሪያ ፈቃዱ ላይ አውለው፣ ወይ ሦስት አራት ሆናችሁ ተደራጁ። ከዛ በኋላ ነጋዴዎቹ መሀል ብትገባ የሚያወራህ ሰው ሌላ ይሆናል።

ጊዜውንም ማየት ነው። እዚህ አገር ቡና ከጥቅምት ጀምሮ ይለቀማል፣ ብር የሚንቀሳቀሰው ያኔ ነው፣ ጥር ላይ ሰርጉ ይከተላል። ኅዳር ላይ ቡና ነጋዴ ፊት ቆመህ ካርድ ብትሰጠው ስልኩን እያየ ነው የሚቀበልህ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ረመዳንም አለ፣ ክረምቱና ፍልሰታም አሉ፣ በነዚህ ጊዜያት ሥራ ይቀዘቅዛል፣ ሰውም ቁጭ ብሎ ለማውራት ጊዜ አለው። አዳራሽና ዲኮር ቤቶችን መዞር ያኔ ነው፣ ከፋሲካ በኋላ ላለው ሰርግ ቀን የሚያዘው እዛው ጾሙ ውስጥ ስለሆነ።

የነጋዴ ዕቁብ ግቡ የሚሉም አሉ፣ በየሳምንቱ ስለሚያገናኝ። እኔ ገቢው ወጣ ገባ ለሆነ ሰው አልመክርም። ሐምሌ ላይ ሁለት ሳምንት መጣል ያቃተህ ቀን ስምህ በመርካቶ በሙሉ ይዞራል፣ ዘፈንህን ያልሰማ ሰው ሁሉ አለመክፈልህን ይሰማል። ቲክቶክ ይበቃኛል ለሚሉት ደሞ፣ ከጅዳና ከአዲስ አበባ የሚመጣው ላይክ ጥሩ ነው፣ ጅማ ኮቺ ሰፈር ላለው ሰርግ ግን ቀብድ አይከፍልም። ከዛ ሁሉ ለመድረክ መሪ የሚሻለው በኦሮምኛም በአማርኛም እኩል መምራት ነው፣ ጅማ ላይ ሁለቱን የሚችል ሰው ስልኩ ይጮሃል፣ የሁለት ቤተሰብ ሽማግሌዎችን ሳያስቀይም ስለሚያወራ።

እኔ ቢሆን የማየው ግሩፕ ትንሽ ነው። አንድ አዳራሽ ወይ ድንኳን አከራይ፣ አንድ ካሜራማን፣ አንድ ዲኮር፣ አንድ ምግብ አዘጋጅ፣ አንድ ዲጄ ወይ ባንድ፣ አንድ መድረክ መሪ፣ እያንዳንዱ ባንድ ሙያ አንድ፣ ወር በገባ ማክሰኞ ወይ ረቡዕ ቡና ላይ ተገናኝተው የተያዙ ቀኖችን ደብተር ላይ የሚያስተያዩ። ቁርስም መድረክም አያስፈልገውም። መጀመሪያ የሚያጣላው ኮሚሽን ስለሆነ እሱን በጽሑፍ አስቀምጦ መጀመር ነው፣ ሥራ ያመጣው ስንት ይውሰድ የሚለውን፣ በመቶኛ ይሁን በቁርጥ ብር። እኔ በቁርጥ ብር ይሁን ባይ ነኝ፣ መቶኛ ከሆነ ዋጋ መደበቅ ይመጣል። ካሜራማኖቹ ግን መቶኛ ነው የሚፈልጉት፣ ይሄ ላይ እስካሁን ካንዳቸውም ጋር አልተስማማንም።