«እስቲ ጀርባውን ልየው!»

ቆይ ግን ሰው ምን ነክቶታል? አሁን ነው የገባሁት፣ ቦርሳዬን እንኳን አላስቀመጥኩም፣ ይሄን ሳልጽፍ ብተኛ ግን ያንቀኛል። እትዬ እንትናን የምታውቁ ታውቋቸዋላችሁ፣ ስም አልጠራም፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ አንቱ እያልኩ ነው የምናደድባቸው፣ እሱ ራሱ ሌላ በሽታ ነው።

ሰው ቤት ጥግ ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ማንንም አልነካሁ፣ ማንንም አላማሁ። ስልኬን አውጥቼ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስጎረጉር ብውል ቀና ብሎ የሚያየኝ አልነበረም፣ ግማሹ ቤትም እሱኑ ነበር የሚያደርገው። ጥልፌን ሳወጣ ግን በቃ ጉድ ፈላ። መጡና አናቴ ላይ ቆሙ።

«ምንድነው እሱ?»

«ጥልፍ ነው እትዬ።»

«እሱማ አየሁት። የማን ነው?»

«የራሴ ነው።»

«የራስሽ? ለራስሽ ነው እንዲህ አንገትሽን የምትሰብሪው?» አሉና ወደ ሰዉ ዞረው «አይ ጊዜ ሲተርፍ!» አሉ። ለኔ ቢሉት እኮ ይሻል ነበር፣ ለሕዝብ ነው የተናገሩት።

ይሄ ገና መግቢያው ነው። «እስቲ ጀርባውን ልየው!» ብለው ሳልሰጣቸው፣ ሲበሉበት በነበረው እጃቸው፣ ጨርቁ የተወጠረበትን ፍሬም ከእጄ ላፍ አድርገው ገለበጡት። ነጭ ሊኖ ጨርቅ ላይ እኮ ነው! ያ የጣት ምልክት አሁንም ዳሩ ላይ አለ፣ እዚህ ቁጭ ብዬ እያየሁት ነው። መርፌው ደሞ ፊት ላይ ለጌጥ የሚወጣ ቋጠሮ ልሠራ ክሩን ሁለቴ ጠቅልዬበት አውራ ጣቴ ስር ይዤው ነበር፣ እሳቸው ሲነጥቁኝ ተፈታ፣ መርፌው ወለል ላይ ወደቀ፣ እኔ ተንበርክኬ ወንበር ስር መርፌ እፈልጋለሁ፣ እሳቸው ከላይ ጀርባውን ለእንግዳ ያስጎበኛሉ።

«ውይ ጀርባው! ኑ እዩት እስቲ! እኛ ስንጠልፍ እኮ ፊቱና ጀርባው አይለይም ነበር!»

ይለያል! አይለይም የሚባል ነገር ካለ ሁለቱንም ፊት እንዲያሳይ ታስቦ የሚሠራ የጥልፍ ዓይነት አለ፣ እኔ የያዝኩት ግን እሱ አይደለም። ደግሞ ጀርባዬ ምን ሆነ? የክሬን ጫፍ አልቋጥርም፣ የተሰፋው ስር አሾልኬ ነው የምደብቀው፣ ምክንያቱም ቋጠሮ ከፊት በኩል እብጠት ሆኖ ይታያል። ከአንዱ ቅጠል ወደ ሌላው ክር ጎትቼ አልሻገርም፣ ስስ ጨርቅ ላይ በፊት በኩል ጥላው ይወጣል፣ ጨርቁንም ይሸበሽበዋል። ይሄን ሁሉ ተጠንቅቄ የሠራሁትን ነው «ውይ» የተባልኩት። ያ የባዩ ጥልፍ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ሲወሩ የሚያሳየው፣ 70 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ በሱፍ ክር ሊኖ ላይ የተጠለፈ፣ ከ900 ዓመት በላይ የቆየ ጉድ፣ እሱ እንኳን ጀርባው በሽፋን ጨርቅ ተሸፍኖ ነው የኖረው። የዓለም ሕዝብ ፊቱን አይቶ ተደንቆ ይሄዳል፣ ለኔ ሲሆን ግን ኢንስፔክሽን።

ከዛ መጣላችሁ። ሁሌም የሚመጣው። አንዱ ከወዲያ ሶፋ ላይ ተንጋሎ፣ ቀና እንኳን ሳይል፦ «ይሄን እኮ ማሽን አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም።»

ሰዉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ለምን እንደሳቅኩ እግዜር ይወቀው።

ስማ አንተ ልጅ፣ እዚያ ያላልኩህን እዚህ ልበልህ። ማሽን መኖሩን ዛሬ አይደለም የሰማሁት። ሃይልማን የሚባል ሰውዬ ፈረንሳይ አገር ሙልሃውስ ከተማ ላይ የጥልፍ ማሽን የፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1828 ነው። እና ታውቃለህ፣ እዚያው ሙልሃውስ እ.ኤ.አ. በ1746 የተቋቋመው ዲኤምሲ የሚባለው የክር ድርጅት እስከዛሬ በእጅ ለምንጠልፈው ለኛ ክር ይሸጣል! ማሽኑ በተወለደበት ከተማ የእጁ ክር አልሞተም፣ አንተ ሶፋ ላይ ሆነህ ነው የገደልከው። ደግሞ ማሽንህ አንድ ክር ከላይ አንድ ክር ከታች አድርጎ እያቆላለፈ ነው የሚሰፋው፣ እኔ ስጠቀልላት የነበረችውን ቋጠሮ አስመስሎ ሊሠራት ይችል ይሆናል እንጂ ክር መርፌ ላይ ጠቅልሎ አይሠራትም። ግን እሱም አይደለም ነገሩ! ማን ቶሎ ይለቅልኝ አለህ? አንተ ኳስ ስታይ ውጤቱን ብቻ ልንገርህና ዘጠና ደቂቃህን ላትርፍልህ?

እሺ ቁጥር ከወደድክ ቁጥር እንካ። ግድግዳዬ ላይ ያለው ክሮስ ስቲች፣ በመስቀል በመስቀል የሚሰፋው ጥልፍ፣ 14 ቁጥር አይዳ የሚባል ካሬ ካሬ ጨርቅ ላይ ነው የተሠራው፣ በአንድ ኢንች 14 ካሬ ማለት ነው። አንድ ኢንች በአንድ ኢንች 196 መስቀል ይሆናል፣ እያንዳንዷ መስቀል ሁለት እግር አላት፣ እያንዳንዱ እግር አንዴ ወጥቶ አንዴ መግባት ነው፣ 784 ጊዜ መርፌ ወጣ ገባ ለሁለት ሳንቲ ተኩል ጨርቅ! እና ይሄ ቅጣት ይመስልሃል አይደል? እኔ እኮ ለዚህች ብዬ ነው ቀኑን ሙሉ ሰው የምችለው።

በተለይ በዚህ ወቅት። መፀው ሲገባ እኔን አታግኙኝ ብያችሁ የለ። በሙቀቱ ጊዜ እጅ ያልባል፣ ክሩ እጄ ላይ ይይዛል፣ ነጩ ጨርቅ ይወይባል። አሁን ግን እጄ ደረቅ ነው፣ አየሩ ቀዝቀዝ ብሏል፣ ጨርቁ ራሱ ጭን ላይ ሲያርፍ ያሞቃል፣ ምሽቱ ረጅም ነው። ቀለሙስ! ዝገት፣ ሰናፍጭ፣ የተቃጠለ ብርቱካን፣ ቡናማ በየዓይነቱ። አንድ ቅጠል ሳትን ስቲች በሚባለው ስፌት ልሠራ ከጫፉ ቢጫ ጀምሬ ወደ ግንዱ እያጠቆርኩ ስወርድ፣ ክሩ እርስ በርሱ ተጠግቶ ተጠግቶ ሲተኛና ብርሃን ሲመታው እንዴት እንደሚያብረቀርቅ… በቃ ተዉኝ፣ እሱን ስጽፍ ንዴቴ ሊበርድ ነው፣ አልፈልግም።

የዚህ ወቅት ችግሩ ብርሃን ነው። ቶሎ ይመሻል። ለዚህ ብዬ እኮ ነው ነጭ አምፖል ገዝቼ ወንበሬ በላይ ያስገባሁት። ማን እንደሆነ ራሱን ያውቃል፣ «ዓይን ይወጋል» ብሎ ነቅሎ ቢጫውን መለሰው። ሳይነግረኝ! የዲኤምሲ ክር የቀለም ቁጥር 310 ጥቁር ነው፣ 939 ደግሞ ጥቁር የሚመስል ሰማያዊ፣ በቢጫ መብራት እናታቸውም አትለያቸው። ጠዋት መጋረጃ ስከፍት የምጠልፋት ወፍ አንድ ክንፏ ጥቁር፣ አንዱ ሰማያዊ። ተረተርኩት። መተርተር ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው አምፖል ባይነካ ጥሩ ነው።

መተርተር ስል መቀሴ ትዝ አለኝ። ያቺ ጫፏ ሹል የሆነች ትንሿ መቀሴ። ክር ብቻ! ክር ብቻ ነው የምትቆርጠው ብዬ ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ ደብቄ፣ ሁሉንም ሞክሬያለሁ። ሰሞኑን የዕቃ ካርቶን ላይ የተለጠፈ ፕላስተር ተቆርጦባት፣ ሙጫው ስለቷ ላይ ተጋግሮ አገኘኋት። አሁን ክር አትቆርጥም፣ ታኝካለች። የተጨማደደ ክር ደሞ በመርፌ ቀዳዳ አይገባም፣ ምራቅ አስነክቼ አስነክቼ ምላሴ ደረቀ። ጭራሽ ዛሬ እሷም የለችም። ቤት ውስጥ የጥፍር መቁረጫ ጠፍቶ ነው እንዳትሉኝ።

እና «ጊዜ ተርፏት ነው» የሚለው ነገር አሁንም አልወጣልኝም። ማን ነው ጊዜ የተረፈው? እኔ ሥራ አለኝ፣ ቤት አለኝ፣ እንደ ሰው ሁሉ ደክሞኝ ነው የምገባው። አንዱ የጥልፍ ክር ከተሠራባቸው ስድስት ቀጫጭን ክሮች ሁለቱን ለመለየት አንዷን ይዤ ቀስ ብዬ ወደ ላይ ስስባት፣ ከዛ ሁለተኛዋን፣ ሁለቱን አብሬ ልሳብ ብል ይወሳሰባሉ፣ ያቺን ሳደርግ ነው ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ጫጫታ የሚቀንሰው። ክሬን ከክንዴ አስረዝሜ አልቆርጥም፣ ረጅም ክር ጨርቁ ውስጥ በተመላለሰ ቁጥር ይላጋል፣ ውበቱ ይጠፋል፣ ይቋጠራል። እስኪያልቅ እሰፋለሁ፣ ሲያልቅ ሌላ እቆርጣለሁ። ማንም አልተጎዳም እኮ! ማንን ምን አደረግኩ?

ግን ቆዩ፣ ዋናውን አልነገርኳችሁም። ልወጣ ስል፣ ጫማዬን እያሰርኩ፣ እትዬ በር ላይ መጡ። ድምፃቸው ማር ሆኗል።

«የኔ ልጅ፣ ያቺን ቅጠሏን ወድጃታለሁ።»

«እ… አመሰግናለሁ እትዬ።»

«የትራስ ልብስ ላይ ብታደርጊልኝ እኮ። ስድስት ትራስ ነው ያለኝ። ሁለት ሁለት ቅጠል ብቻ፣ ቀላል ነው ላንቺ። መቼም ጊዜ አለሽ።»

ስድስት ትራስ! ሁለት ሁለት ቅጠል! ጀርባው «ውይ» የተባለው ቅጠል! ማሽን አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም የተባለው ቅጠል! ያ ልጅ ደሞ ከኋላቸው ሆኖ «ለኔም ጃኬቴ ላይ ነብር» ይለኛል። ነብር! ነብር ስንት ቀለም እንዳለው ታውቃለህ? ማሽንህ የት ሄደ?

«እናያለን እትዬ» አልኩና ወጣሁ። እናያለን ማለት አይሆንም ማለት እንደሆነ እሳቸው አልገባቸውም፣ ትራሶቹን በፌስታል ልከው ይጠብቁኝ ይሆናል። ስልክ ቢደውሉ አላነሳም። የጣት ምልክቱን አሁን ለብ ባለ ውሃ ላጥበው ነው፣ ቀዩ ክር ቀለም ከለቀቀብኝ ግን ዛሬ እዚህ ገጽ ላይ ሌላ ፖስት ታያላችሁ። ደሞ መቀሴን የወሰደ ሰው፣ ይሄን እያነበብክ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እስከ ነገ ጠዋት መሳቢያዬ ውስጥ ላግኛት።