ድንጋዩ 14 ይላል፣ መዝገቡ 18

ቤልጂየም ውስጥ፣ ከኢፕር ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ፑልካፔል የሚባል የጦር መቃብር አለ። ከ7,000 በላይ ሰዎች ያረፉበት ሲሆን አብዛኞቹ ስማቸው አይታወቅም። ድንጋዮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ መኮንኑም ተራው ወታደርም እኩል። አንዱ ግን ዘወትር በአበባና በትንንሽ የእንጨት መስቀሎች ተከብቦ ይታያል። የጆን ኮንደን ነው። በሜይ 1915 የሞተ የአየርላንድ ወታደር መሆኑንና ዕድሜው 14 እንደነበር ድንጋዩ ይናገራል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከሞቱት የእንግሊዝ ጦር ወታደሮች ሁሉ ትንሹ እሱ ነው እየተባለ ተማሪዎች በአውቶቡስ ይመጡለታል።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ዕድሜው ልክ አይደለም። በትውልድ ከተማው በዋተርፎርድ የልደት መዝገብ መሠረት ጆን ኮንደን የተወለደው በ1896 ነው፤ ስለዚህ በሞተበት ቀን 18 ዓመት ሞልቶታል። ከዚህ የባሰ ጥያቄም አለ፤ እዚያ ያረፈው እሱ ራሱ ነው ወይ? አጽሙ ከጦርነቱ በኋላ ሲገኝ ማንነቱ የተለየው በአንድ የቦት ጫማ ቁራጭ ነበር። ቁራጩ ላይ የአገልግሎት ቁጥርና «አር.አይ.አር.» የሚሉ ፊደላት ነበሩ። ፊደላቱን «ሮያል አይሪሽ ሬጅመንት» ብሎ ማንበብ ይቻላል፤ የኮንደን የጦር ክፍል ነው። «ሮያል አይሪሽ ራይፍልስ» ብሎ ማንበብም ይቻላል፤ ይህ ደግሞ ከወደ ቤልፋስት ሰው የሚመለምል ሌላ ክፍል ነው። ጉዳዩን የመረመሩ ሰዎች ጫማው የሁለተኛው ነው ባዮች ናቸው። የጦር መቃብሮቹን የሚያስተዳድረው ኮሚሽን ድንጋዩን አልለወጠም።

እኔ ይለወጥ ከሚሉት ወገን ነኝ። «ምን ጎደለ? ለሰላም ምሳሌ ሆኗል፣ ተዉት» የሚሉ አሉ። ነገሩ ግን እውነቱ ራሱ በቂ መሆኑ ላይ ነው። በዚያ ዘመን ደንብ አንድ ሰው በ18 ዓመቱ ቢመለመልም 19 ሳይሞላው ባሕር ተሻግሮ እንዲዋጋ አይፈቀድም ነበር። ልጁ በትክክለኛው ዕድሜውም ቢሆን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ መገኘት አልነበረበትም። አራት ዓመት መቀነስ ለምን አስፈለገ?

እንዲህ ያለው ስህተት የአንድ ድንጋይ ብቻ አይደለም። በ1923 ደብሊን ውስጥ የጦርነቱን የአየርላንድ ሟቾች ስም የያዘ ስምንት ቅጽ መጽሐፍ በ100 ቅጂ ታትሟል፤ የገጾቹን ዳርና ዳር ያስጌጠው ሃሪ ክላርክ የተባለው ሠዓሊ ነው። ከ49,000 በላይ ስሞች ስላሉበት «49,000 አየርላንዳውያን ሞቱ» የሚለው አባባል ከዚያ ወጥቶ እስከ ዛሬ ይደገማል። መጽሐፉ ግን በአየርላንድ ክፍሎች ውስጥ ያገለገለውን የለንደንና የማንችስተር ልጅም ጨምሯል፤ በስኮትላንድ፣ በአውስትራሊያ ወይም በካናዳ ጦር ውስጥ ከሞቱት አየርላንዳውያን ደግሞ ብዙዎቹን ዘልሏል። መለዮ አገር አይናገርም። በ1941 ከኬንያ ተነስቶ አዲስ አበባ የገባውን የእንግሊዝ ጦር የመራው ጄኔራል አለን ካኒንግሃም ደብሊን ተወልዶ እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን? እኛም «እንግሊዙ ጄኔራል» ብለን አልፈነዋል።

አያቱን የሚፈልግ ሰው ከጦሩ መዝገብ ቢጀምር ብዙ ጊዜ አመድ ላይ ነው የሚደርሰው። በሴፕቴምበር 1940 የጀርመን ቦምብ ለንደን ውስጥ አንድ የመዝገብ መጋዘን ላይ ወደቀና የአንደኛው ጦርነት ተራ ወታደሮች ፋይል ከግማሽ በላይ ተቃጠለ። የተረፈው ጠርዙ የጠቆረና የእሳት ማጥፊያ ውኃ የነካካው ነው። ደብሊን ላይ ደግሞ ከዚያ ቀድሞ፣ በጁን 1922 መጨረሻ፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ በተጀመረ በቀናት ውስጥ ፎር ኮርትስ በሚባለው የፍርድ ቤቶች ግቢ የነበረው ቤተ መዛግብት ጋየ፤ የዘመናት ወረቀት ከተማዋ ላይ ሲበር ዋለ። የ1881 እና የ1891 የሕዝብ ቆጠራዎችስ? እነሱን ያጠፋው ጠላትም አማፂም አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወረቀት አጠረ ተብሎ በመንግሥት ትእዛዝ ተፈጭተው ወደ ጥራጊ ወረቀት ተቀየሩ።

የተረፈው በቤተሰብ በኩል ያለው ነው። የ1901 እና የ1911 ቆጠራዎች ሙሉ ናቸው፤ የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት በኢንተርኔት በነጻ ያሳያቸዋል። የ1911ዱን ቅጽ የሚሞላው አባወራው ራሱ ነበር፤ መጻፍ ለማይችለው ፖሊሱ ይጽፍለትና እሱ ምልክት ያደርጋል። ከስም፣ ከዕድሜና ከሥራ ቀጥሎ ባለትዳሯን ሴት የሚመለከቱ ረድፎች አሉ፤ ከተጋባችሁ ስንት ዓመት ሆነ፣ ስንት ልጅ ተወለደ፣ ስንቱ በሕይወት አለ? እነዚያን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየ ሰው ጦርነቱ ሳይመጣ በፊት በዚያ ቤት ስንት ጊዜ እንደተለቀሰ ያውቃል።

ስም ብቻውን የትም አያደርስም። እኛ ስማችን ላይ የአባታችን ስም ስላለ ልዩነቱ ላይታየን ይችላል፤ እነሱ ዘንድ ግን ሁሉም መርፊ ነው። የመጀመሪያው ልጅ በአያቱ ስም ስለሚጠራ ያጎት ልጆች ሁሉ ፓትሪክ ወይም ጆን ይሆናሉ። ለዚህ ነው የእናት ወይም የሚስት ስም ከአገልግሎት ቁጥር እኩል የሚፈለገው። እሱንም የሚሰጠው ገንዘብ ነው። ጦሩ የሟቹን ቀሪ ደመወዝ ለማን እንደከፈለ በፓውንድ፣ በሺሊንግና በፔኒ መዝግቧል፤ ለእናት፣ ለሚስት፣ አንዳንዴ ለብዙ እህትማማቾች ተከፋፍሎ። ኑዛዜም አለ። ወታደሩ በደመወዝ ደብተሩ ውስጥ፣ ብሞት ንብረቴ በሙሉ ለእናቴ ይሰጥልኝ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፣ ይፈርማል። የአየርላንዱ ቤተ መዛግብት እንዲህ ያሉ ኑዛዜዎችን 9,000 ያህል ይዟል። «ንብረቴ በሙሉ» ያለው ልጅ ምን ነበረው? ምናልባት የሁለት ሳምንት ደመወዝ።

ይህ ሁሉ ወረቀት እያለ ፍለጋው የዘገየው ቤቱ ራሱ ዝም ስላለ ነው። ወንድሙ በ1916 በእንግሊዝ ላይ ባመፀበት አገር የእንግሊዝን መለዮ ለብሶ የሞተ ልጅ ፎቶግራፉ ከግድግዳ ይወርዳል። መንግሥት ለሟች ቤተሰብ የላከው የነሐስ ሜዳልያ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፤ ሕዝቡ «የሙት ሳንቲም» ይለው ነበር። ደብሊን አይላንድብሪጅ ያለው መታሰቢያ የአትክልት ስፍራ በ1930ዎቹ መጨረሻ ተሠርቶ ሲያበቃ በወጉ ሳይመረቅ ቆይቶ፣ አረም ወርሶት፣ በ1988 ነው ሥርዓቱ የተፈጸመለት። እንግዲህ አያቱን ዛሬ የሚፈልገው የልጅ ልጅ ማንን ይጠይቅ? ሊያወሩት የሚችሉት ሴቶች ዝም እንዳሉ አልፈዋል።

ወደ ፑልካፔል ልመለስ። ዋተርፎርድ በኮንደን ትኮራለች፤ በስሙ ሐውልትም አቁማለች። ዕድሜው 18 ነው ማለት ሐውልቱን ማፍረስ አይደለም። የጫማው ነገር ግን አያስተኛም። ፊደላቱን በሁለተኛው መንገድ ያነበቡት ትክክል ከሆኑ፣ ያ ድንጋይ ሥር ያለው የቤልፋስት ሰው ነው። ስሙ መቃብር ከሌላቸው ጠፊዎች ጋር ግድግዳ ላይ ሰፍሯል፤ የገዛ ቤተሰቡም የት እንደወደቀ ሳያውቁ ኖረው አልፈዋል። አበባው ግን በየቀኑ ይደርሰዋል፣ በሌላ ልጅ ስም።